ነጩ ቀሚስ አንድ፣ ጥለቱ ብዙ፦ በስልክ አፕ ውስጥ የምስል ቀለም ለመቀየር የትኛው መንገድ ይሻላል?

ደሴ ላይ የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ ሰው አፕ አሠራለሁ ብሎ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠይቀው ደንበኛው የጥለቱን ቀለም ራሱ እንዲመርጥ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሸማኔው ያንኑ ነጭ ጨርቅ በቀይም በአረንጓዴም ጥለት ይሠራዋል፤ ፎቶው ብቻ በአንድ ቀለም ታስሮ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ጣጣው የሚመጣው ሥራው ፕሮግራመሩ እጅ ሲገባ ነው። አንዱ ፒክሰሉን (ምስሉ የተሠራበትን እያንዳንዱን የቀለም ነጥብ) በሉፕ፣ ማለትም በሚደጋገም ኮድ፣ ቀይረው ይለዋል፤ ሌላው ከለር ፊልተር (ምስሉ ሲሳል ቀለሙን የሚለውጥ ማጣሪያ) ይበቃሃል ይለዋል፤ ሦስተኛው ያለ ጂፒዩ (የስልኩ የግራፊክስ ፕሮሰሰር) አትሞክረው ይላል። ሁሉም የሚያዋጡበት ሥራ አለ። ለጥለቱ ሥራ ግን እኩል አይደሉም፤ ልዩነቱም ደንበኛው ስልክ ላይ ወዲያው ይታያል።

ንጽጽሩ በዋናነት ለአንድሮይድ ነው፣ ኮምቦልቻም ወልድያም ብዙው ሰው የያዘው እሱን ስለሆነ። ስለ ፍላተር (በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ የሚሠራበት መሣሪያ) እና ስለ አይፎን በየቦታው አነሳለሁ።

መስፈርቶቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ቀለሙ የሚቀየረው ለማሳየት ብቻ ነው ወይስ ውጤቱ ፋይል ሆኖ መውጣት አለበት የሚለው ነው። ደንበኛዋ ስክሪን ላይ አይታ የምትመርጥ ከሆነ የምስሉን ፒክሰል መንካት አያስፈልግም፤ ሲሳል ብቻ ቀለሙን መለወጥ ይበቃል። የመረጠችውን በቴሌግራም ለእህቷ ልላክላት ካለች ግን እውነተኛ ፋይል ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚቀየረው ሙሉው ምስል ነው ወይስ ከፊሉ? ቀሚሱ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ጥለቱ ብቻ ይለወጥ ከተባለ ሥራው ከመሠረቱ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ጥላና ብርሃን ነው። ስለ ወሎ ቅኝቶች የሚያስተምር አፕ ቢኖርና ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በየቀለማቸው የማሲንቆ አይከን ቢኖራቸው፣ አይከኑ አንድ ወጥ ቅርጽ ስለሆነ ማንኛውም መንገድ ይሠራለታል። የጨርቅ ፎቶ ግን እጥፋት አለው፣ ክሩ ላይ ብርሃን ያርፋል። ይህን አጥፍቶ በወጥ ቀለም የሚሞላ መንገድ ጥለቱን የተለጠፈ ወረቀት ያስመስለዋል።

ከዚያ ሚሞሪ። የፎቶው ፋይል 200 ኪሎባይት መሆኑ አያታልላችሁ። ተፈትቶ ሲከፈት ስሌቱ ሌላ ነው፤ 1080 በ1440 የሆነ ምስል 1,555,200 ፒክሰል አለው፣ እያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ይወስዳል (ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነት አንድ አንድ)፣ በድምሩ 6.2 ሜጋባይት። አሥራ ሁለት ቀለም አዘጋጅቶ ሁሉንም በአንዴ የያዘ አፕ 75 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ራሙ 2 ጊጋባይት በሆነ ስልክ ላይ ይህ አፑን ሊያስዘጋው ይችላል።

ፍጥነቱን በሚሊሰከንድ ለኩት። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንድ ፍሬም (ለአንድ የስክሪን እድሳት) ያላችሁ ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። ደንበኛዋ ጣቷን በቀለም መምረጫው ላይ እየጎተተች ጥለቱ አብሮ እንዲለወጥ ከተፈለገ በዚያ ጊዜ ውስጥ መጨረስ ግድ ነው።

የመጨረሻው የአፑ መጠን ነው። አፕ በየገጠሩ ከስልክ ስልክ በሚተላለፍበት፣ ፓኬጅም ተቆጥቦ በሚገዛበት አገር 80 ሜጋባይት አፕ ሳይጫን ይቀራል።

ለየቀለሙ የተለየ ፎቶ

ቀለሞቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ከዚህ የሚበልጥ የለም። የሚታየው እውነተኛው ልብስ ነው፣ ኮዱም ምስል ከመቀያየር አያልፍም። ቁጥሩ ሲጨምር ግን ይፈርሳል፤ 40 ቀሚስ በ12 ቀለም 480 ፎቶ ነው፣ እያንዳንዱ 150 ኪሎባይት ቢሆን 72 ሜጋባይት። ሸማኔው ያልሠራውን ቀለም ፎቶ ማንሳትም አይቻልም።

ፒክሰል በፒክሰል በሉፕ

ብዙ ጀማሪ የሚደርስበት የመጀመሪያ መንገድ ይህ ነው፤ እያንዳንዱን ፒክሰል በጌትፒክሰል አንብቦ፣ ቀለሙን አስልቶ፣ በሴትፒክሰል መልሶ መጻፍ። መጥፎው ነገር ሉፑ ራሱ ሳይሆን ጥሪው ነው። እያንዳንዱ ጥሪ አፑ ከተጻፈበት ቋንቋ፣ ከኮትሊን ወይም ከጃቫ፣ ወጥቶ ሥር ወዳለው የሲስተሙ ኮድ ይሻገራል፤ ከላይ ባለው ምስል ላይ ይህ መሻገር ለማንበብና ለመጻፍ ከሦስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደረጋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጌትፒክሰልስ በሚለው የብዙ ቁጥር ጥሪ ሁሉንም በአንዴ ወደ ቁጥር አሬይ (ተከታታይ የቁጥር ዝርዝር) አውጡት፣ አሬዩ ላይ ሥሩ፣ በሴትፒክሰልስ በአንዴ መልሱት። ይህች አንዲት ለውጥ ብቻዋን ሥራውን በብዙ እጥፍ ታፈጥነዋለች። ዋጋዋ ሌላ 6.2 ሜጋባይት ለአሬዩ መያዝ ነው፤ ከከበደ በረድፍ በረድፍ ከፋፍሎ መሥራት ይቻላል።

በዚህ መንገድ ለሚሄድ ሦስት ነገሮች ወሳኝ ናቸው። ከሪሶርስ (ከአፑ ጋር አብረው ከሚጫኑ ፋይሎች) የተከፈተ ቢትማፕ (ሚሞሪ ውስጥ ተፈትቶ የተቀመጠ ምስል) አብዛኛውን ጊዜ የማይለወጥ ስለሆነ ሊጽፉበት ሲሞክሩ ስህተት ይወረውራል፤ ሲከፈት እንዲለወጥ ተብሎ መከፈት ወይም መገልበጥ አለበት። ሥራውን በዋናው ትሬድ (ስክሪኑንና ንክኪን በሚያስተናግደው የሥራ መስመር) ላይ አታስኬዱት፤ ስክሪኑ ንክኪን ለ5 ሰከንድ ሳይመልስ ከቀረ አንድሮይድ አፑ አልመለሰም ብሎ ተጠቃሚውን ይጠይቃል። ካሜራ ያነሳውንም እንዳለ አትክፈቱት፤ 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 48 ሜጋባይት ነው፣ ሲከፈት በአራት ተካፍሎ እንዲነበብ ቢደረግ ግን 1000 በ750 ሆኖ 3 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳል።

ሉፕ የሚያስፈልገው ሌሎቹ የማይችሉት ሲመጣ ነው። ለምሳሌ ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላውን ብቻ ለይተህ ወደ ሰማያዊ አዙር የሚል ትእዛዝ ሁኔታ አለበት፤ ፒክሰሉን ወደ ቀለም ዓይነት፣ ድምቀትና ብሩህነት ለውጦ መመርመር ይፈልጋል። ነጭና ጥቁር በዚህ ስሌት ድምቀታቸው ዜሮ ስለሆነ አይነኩም፣ ለነጭ ቀሚስ ጥሩ ነው። በጥለቱ ላይ ያለ ቀይና የሞዴሏ ከንፈር ግን አብረው ሰማያዊ ይሆናሉ። በቀለም ብቻ መለየት ፎቶ ላይ የማይታመነው ለዚህ ነው።

ቲንት

እዚህ ፒክሰሉ አይነካም። ምስሉ ሲሳል ከፊቱ ባለቀለም መስታወት እንደማቆም ነው፤ መስታወቱን መለወጥ ምስሉን አይለውጠውም፣ ሚሞሪም አይጨምርም፣ ሥራውን ጂፒዩ ስለሚሠራው ለፍሬሙ ጊዜ ስጋት አይሆንም። የሥሌቱ መሠረት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 ባሳተሙት የምስል ማደራረብ ሥራ ውስጥ ያለው ነው፤ የአንድሮይድ ስልቶች እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራሉ። ድሮዌብል (አንድሮይድ ስክሪን ላይ የሚስለው ምስል) ላይ ቲንት በቀጥታ መጻፍ የተቻለው ከአንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ነው።

ሶርስ ኢን በሚባለው ስልት ምስሉ ቅርጹን ብቻ ይሰጣል፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው። ለአራቱ የማሲንቆ አይከኖች አንድ ነጭ ፒኤንጂ ይበቃል። ፍላተር ላይም በዚሁ ስም አለ፤ አይፎን ላይ ደግሞ ምስሉን እንደ ቴምፕሌት እንዲሳል ማዘዝ ነው፣ ከ2013ቱ አይኦኤስ 7 ጀምሮ። ለጨርቅ ፎቶ ግን አይሆንም፣ እጥፋቱን ሁሉ ይውጠዋል።

አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለ፤ ከአንድ ሪሶርስ የተከፈቱ ድሮዌብሎች ሁኔታቸውን ስለሚጋሩ የባቲውን አይከን አረንጓዴ ስታደርጉ የአምባሰሉም አብሮ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ቲንቱን ከመስጠት በፊት ሚውቴት የሚለውን ጥሪ መጥራት ይለያቸዋል።

ከለር ማትሪክስ

አራት ረድፍ በአምስት ዓምድ፣ 20 ቁጥሮች። እያንዳንዱ ረድፍ አንዱን አዲስ ቀለም ከአሮጌዎቹ አራት ያሰላል፣ አምስተኛው ቁጥር ቋሚ ጭማሪ ነው። ልክ እንደ ቲንት ሲሳል ብቻ ይሠራል፣ ጥላና ብርሃኑን ግን ይጠብቃል። ላሊበላን ለሚያስጎበኝ አፕ ፎቶዎቹን የድሮ ፎቶ መልክ ለመስጠት ወይም ወደ ግራጫ ለመለወጥ የተፈጠረ መሣሪያ ነው። አንድሮይድ ራሱ ምስልን ግራጫ ሲያደርግ ከቀዩ 0.213፣ ከአረንጓዴው 0.715፣ ከሰማያዊው 0.072 ይወስዳል፣ ዓይናችን አረንጓዴን አብልጦ ስለሚያይ።

ለጥለት የሚጠቅም አንድ ስሌት እዚህ አለ፣ በዝርዝር ማየቱ ዋጋ አለው። የጥለቱ ክር በፎቶው ላይ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 20፣ ሰማያዊ 20 ነው እንበል፤ የተፈለገው አረንጓዴ ደግሞ 0፣ 128፣ 0 ነው። ሁለቱን በቀጥታ ብታባዙ (አባዝቶ ለከፍተኛው ቁጥር ለ255 ማካፈል ነው) 0፣ 10፣ 0 ይወጣል፣ ጥቁር ማለት ነው። ቀድማችሁ ግራጫ ብታደርጉት 58 ይሆናል፣ ከተባዛ በኋላ 29፤ አሁንም ጨለማ። ቀይ ክር ላይ ብርሃኑን የተሸከመው የቀዩ ቁጥር ስለሆነ አዲሱ አረንጓዴ የሚሰላው ከአሮጌው ቀይ መሆን አለበት፤ 200 በ0.502 (128 ለ255 ሲካፈል) ሲባዛ 100 ይሆናል፣ የእጥፋቱም ልዩነት እንዳለ ይመጣል። በማትሪክሱ ላይ ይህ ማለት ሦስቱም ረድፎች የቀዩን ዓምድ ብቻ ያነባሉ። ጥለቱ ሰማያዊ ሆኖ ከተነሳ የሰማያዊውን ዓምድ።

ገደቡም ግልጽ ነው። ማትሪክስ የሚነካው ሙሉውን ምስል ነው፤ ይህን ቀመር ለቀሚሱ ፎቶ እንዳለ ብትሰጡት ነጩም አረንጓዴ ይሆናል።

ሁለት ንብርብር

ለልብስ ሱቅ አፕ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከታች የቀሚሱ ሙሉ ፎቶ ይቀመጣል፣ ከላይ ጥለቱ ብቻ ተቆርጦ፣ ሌላው ቦታ ግልጽ ሆኖ ይደረብበታል። ማትሪክሱ ወይም ማባዣው ፊልተር ለላይኛው ብቻ ይሰጣል። ጥለቱ ቀሚሱ ግርጌ ላይ ስላለ የላይኛው ምስል የፎቶውን ሙሉ መጠን አይፈልግም፤ 1080 በ260 ቢሆን 1.1 ሜጋባይት ነው። ከታችኛው ጋር 7.3 ሜጋባይት፣ ቀለሙ አሥራ ሁለትም ሆነ ሺህ። የደረቱ ጥለት በሌላ ትንሽ ምስል ይቆረጣል።

የመቁረጡ ሥራ በሰው እጅ የሚሠራ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጊምፕ የተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ነፃ ስለሆነ እሱ ይበቃል። ቁረጡት ግን ከካሜራው ሙሉ ፎቶ ላይ እንጂ በቴሌግራም ተጨምቆ ከመጣው አይሁን። ጄፔግ ብዙውን ጊዜ የቀለሙን መረጃ ከብሩህነቱ በአነሰ ጥራት ስለሚይዝ የጥለቱ ቀይ ወደ ነጩ ጨርቅ ይፈሳል፤ ጥለቱ አረንጓዴ ሲሆን ያቺ ቀይ ጠርዝ ዙሪያውን ትታያለች። የቁርጡን ጠርዝ አንድ ሁለት ፒክሰል ማለስለስም ክሩ ጨርቁ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል።

ጥለቱን ቀድማችሁ በጊምፕ ፈዛዛ ግራጫ ካደረጋችሁት ማትሪክስም አያስፈልግም፣ መልቲፕላይ (ማባዣ) የሚለው ፊልተር ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። የአንድሮይድ አሮጌው መልቲፕላይ ግልጽነትንም አብሮ ያባዛል፣ ስለዚህ ግልጽ የሆነው ቦታ ግልጽ ሆኖ ይቀራል፣ የምንፈልገውም ይህን ነው። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ በመጣው አዲሱ የማደባለቂያ ስልቶች ዝርዝር፣ በብሌንድሞድ፣ ውስጥ ያለው መልቲፕላይ ግን ስሙ አንድ ሆኖ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ፊልተር ሆኖ ሲገባ ግልጹን ቦታ በቀለም ይሞላዋል። ፍላተርም ላይ እንዲሁ ነው፤ እዚያ ሞዱሌት የሚለውን ምረጡ። ጥለቱ ዙሪያ ባለቀለም አራት ማዕዘን ከታያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሁለት ቀለሞች ልዩ እንክብካቤ ይሻሉ። ጥቁር ጥለት ሲመረጥ እውነተኛ ዜሮ አትስጡት፣ በዜሮ የተባዛ እጥፋት ይጠፋል፤ 40፣ 40፣ 40 የመሰለ ጥቁር ግራጫ ይሻላል። ወርቅማ ክር ደግሞ ብልጭታ አለው፣ ማባዛት ብልጭታን አያመጣም፤ የብርሃን ነጠብጣቦቹን ብቻ የያዘ ሦስተኛ ቀጭን ንብርብር መደረብ ይጠይቃል።

ደንበኛዋ ላኪልኝ ስትባል ወደ ሉፕ መመለስ አያስፈልግም። የሚለወጥ ባዶ ቢትማፕ ፍጠሩ፣ ካንቫስ (የመሳያ ሸራ) ክፈቱበት፣ እነዚያኑ ሁለት ምስሎች በዚያው ፊልተር ሳሉበትና አስቀምጡት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከአንድሮይድ 8.0 ጀምሮ ሃርድዌር ቢትማፕ የሚባል በግራፊክስ ሚሞሪ ውስጥ ብቻ የሚኖር ዓይነት አለ፤ አንዳንድ የምስል መጫኛ ላይብረሪዎችም (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) ሳይጠየቁ ይህን ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ቢትማፕ በዚህ ካንቫስ ላይ ለመሳል ሲሞከር አፑ ይወድቃል። ላይብረሪው ተራ ቢትማፕ እንዲሰጥ ማዘዝ ይገባል።

ፓሌት ያለው ምስል

ፎቶ ሳይሆን ሥዕል ከሆነ፣ ለምሳሌ የመሶብ ወይም የሰፌድ ስፌት በጥቂት ቀለም የተሣለ፣ ይህ መንገድ ያስደስታል። ባለፓሌት ፒኤንጂ በየፒክሰሉ ቀለም አይጽፍም፣ ተራ ቁጥር እንጂ፤ ቀለሞቹ ቢበዛ 256 ሆነው በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ሠንጠረዡም ቢበዛ 768 ባይት ነው። ከመክፈት በፊት እነዚህን ባይቶች ለውጦ የክፍሉን የማረጋገጫ ቁጥር እንደገና ማስላት ስፌቱን ሁሉ ይቀይረዋል። ፋይሉን ድሮዌብል ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት ግን አፑ ሲገነባ መሣሪያው ምስሉን እንደገና ሊጨምቀው ስለሚችል አሴትስ (ፋይሉ ሳይነካ የሚቀመጥበት ፎልደር) ውስጥ ይሁን።

ሼደር

ሁኔታ ያለበትን ስሌት በየፍሬሙ መሥራት ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ በካሜራ ቀጥታ እየታየ የነጠላ ቀለም መለወጥ፣ የሚያዋጣው ሼደር ነው፣ ማለትም ጂፒዩ ላይ ለየፒክሰሉ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ሼደር በቀጥታ ካንቫስ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ ሥራው ቀሏል። ከዚያ በታች ባለ አንድሮይድ ኦፕን ጂኤል የተባለው የግራፊክስ መሣሪያ ነው፣ እሱንም መማር ጊዜ ይፈልጋል። ሬንደርስክሪፕት የተባለውን የአንድሮይድ የስሌት መሣሪያ የሚመክር አሮጌ ትምህርት ካገኛችሁ ተዉት፤ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ እንዲተው ተወስኗል። አይፎን ላይ ኮር ኢሜጅ የተባለው የአፕል የምስል መሣሪያ ፊልተሮቹን አጣምሮ በጂፒዩ ስለሚያስኬድ ወደዚህ ጥልቀት መውረድ ብዙም አያስፈልግም።

| መንገድ | ከፊል ምስል ይቀይራል? | ጥላና ብርሃን ይጠብቃል? | ተጨማሪ ሚሞሪ | ፍጥነት | የአፕ መጠን | የሥራ ጫና |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የተለየ ፎቶ | አዎ | ሙሉ በሙሉ | ሁሉም ከተያዘ ከባድ | ፈጣን | በጣም ትልቅ | ፎቶ ማንሳቱ |
| ጌትፒክሰል በነጠላ | አዎ | በኮዱ ይወሰናል | ቅጂ | በጣም ቀርፋፋ | ትንሽ | ቀላል |
| ጌትፒክሰልስ በአሬይ | አዎ | በኮዱ ይወሰናል | ቅጂና አሬይ | መካከለኛ | ትንሽ | መካከለኛ |
| ቲንት | አይ | አይ | የለም | በጣም ፈጣን | ትንሽ | በጣም ቀላል |
| ከለር ማትሪክስ | አይ | አዎ | የለም | በጣም ፈጣን | ትንሽ | መካከለኛ |
| ሁለት ንብርብር | አዎ | አዎ | የጥለቱ ቁራጭ ብቻ | በጣም ፈጣን | ትንሽ | መቁረጡ |
| ፓሌት | በቀለም ተለይቶ | ለሥዕል ብቻ | ትንሽ | ሲከፈት ብቻ | በጣም ትንሽ | መካከለኛ |
| ሼደር | አዎ | አዎ | ትንሽ | በጣም ፈጣን | ትንሽ | ከባድ |

ለማን የትኛው?

ብቻውን የሚሠራ ተማሪ ከሆናችሁና አፑ አይከንና ቁልፍ ብቻ ያለው ከሆነ ቲንት ላይ ቁሙ፣ ወደ ሌላው አትሂዱ። አንድ ነጭ ፒኤንጂ ለቀኑም ለማታውም ገጽታ ይሆናል።

ሱቁ ጥቂት ሞዴሎችና ሁለት ሦስት ቀለም ብቻ ካለው፣ ፎቶ አንሺ መቅጠር ከፕሮግራመር ክፍያ ይረክሳል። ለባለሱቁ ይህን በግልጽ መንገር ተገቢ ነው፣ ሥራው ቢቀንስባችሁም።

ብዙ ቀሚስ፣ ብዙ ቀለም፣ ደንበኛውም አነስተኛ ስልክ የያዘ ከሆነ ሁለት ንብርብር። ገንዘቡ የሚወጣው በመቁረጡ ላይ ነው፤ ጊምፕ የሚያውቅ አንድ ወጣት ቀጥሩለት፣ ኮዱ ትንሽ ነው። ቁርጡን ለማስቀረት ተብሎ በቀለም የሚለይ ሉፕ መጻፍ ርካሽ ይመስላል፣ ነገር ግን በየፎቶው የተለየ ስህተት እያመጣ ኋላ ብዙ ያስወጣል።

ፎቶዎችን መልክ ለመስጠት ማትሪክስ፤ ለስፌት ሥዕልና ለጨዋታ ፓሌት፤ ለቀጥታ ካሜራ ሼደር፣ እሱም በጀትና ጊዜ ካለ። ፍላተር ለሚጠቀሙ የቲንት፣ የማትሪክስና የማባዣ ፊልተሮች ሁሉ በውስጡ ስላሉ ምርጫው አይለወጥም።

የትኛውንም ብትመርጡ ሱቁ ባለው በርካሹ ስልክ ላይ ሞክሩት፣ በገንቢው አዲስ ስልክ ላይ ብቻ አይሁን። ስክሪኖችም ቀለምን እኩል አያሳዩም፤ ደሴ ላይ ደማቅ ቀይ የመሰለው አዲስ አበባ ያለች ደንበኛ ስልክ ላይ ወደ ብርቱካን ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ ትእዛዙ ላይ የሚጻፈው የቀለሙ ኮድ ሳይሆን ሸማኔው እጅ ያለው የክሩ መለያ ቁጥር ይሁን፣ ከመምረጫውም አጠገብ የዚያ ክር እውነተኛ ፎቶ በቀን ብርሃን ተነስቶ ይቀመጥ።